አዲስ የሼርሎክ ሆምስ ታሪክ ማን ይጽፋል? ማንስ ይፈርዳል?

የልብወለዱን የወንጀል መርማሪ ሼርሎክ ሆምስን የፈጠረው ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ካረፈ ከዘጠና ዓመት በላይ ሆነው። ስለ ሆምስ የጻፈው የመጨረሻ ታሪክ የታተመው በ1927 ነው። ያም ሆኖ አዲስ የሆምስ ታሪክ መውጣቱን አላቆመም። አንባቢዎቹም አንብበው ዝም አይሉም። ማኅበር መሥርተው፣ ቀን ቆርጠው፣ ተሰብስበው ይከራከራሉ። አንዱ «ይሄማ ራሱ ሆምስ ነው» ይላል። ሌላው «ስሙን ብቻ ነው የወሰደው» ይላል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ነገሩ ግራ ያጋባል። ደራሲው በሌለበት ፈቃድ የሚሰጠው ማነው? ጭራሽ ያልኖረን ሰው «እሱ እንዲህ አያደርግም» ብሎ መፍረድስ እንዴት ይቻላል?

ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ መልስም አላቸው። (ዓመታቱን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በኛ የምቆጥርበት ቦታ ላይ «ዓ.ም.» ብዬ እለየዋለሁ።)

ከመጀመሪያው እንነሳ። ዶይል ስለ ሆምስ የጻፈው ስድሳ ታሪክ ነው፤ አራት ረጃጅም ልብወለዶችና ሃምሳ ስድስት አጫጭር ታሪኮች። አድናቂዎቹ ስድሳዎቹን «ቀኖና» ይሏቸዋል። ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ቀኖና ውስጥ አይገባም። ክርክሩ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ መስመር ነው።

ዶይል ሐኪም ነበር። የመጀመሪያውን የሆምስ ልብወለድ በ1887 ሲያሳትም ሙሉ መብቱን የሸጠው በ25 ፓውንድ ነው። ስሙ የገነነው በ1891 አጫጭር ታሪኮቹ ስትራንድ በሚባለው የለንደን መጽሔት ላይ መውጣት ሲጀምሩ ነው። ልቡ ያለው ግን ታሪካዊ ልብወለድ ላይ ነበር። ሆምስ ጊዜውን በላበት። እናቱ «ተው» ብትለውም በ1893 ስዊዘርላንድ ውስጥ ራይክንባክ ከሚባል ፏፏቴ ላይ፣ ከጠላቱ ከፕሮፌሰር ሞሪያርቲ ጋር አያይዞ ጣለው። አንባቢ ተቆጣ። መጽሔቱን መግዛት የተወው ብዙ ነው። ዶይል ለዓመታት ቻለው። ከዚያ በ1901 «ከመሞቱ በፊት የሆነ ነው» ብሎ የባስከርቪሎቹን ውሻ ታሪክ አመጣ። በ1903 ደግሞ «ለካ አልሞተም» ብሎ ጭራሹን መለሰው።

እንዲህ ሳይወድ የሚጽፍ ሰው የኋላውን ገልጦ አያመሳክርም። ስለዚህ ታሪኮቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ። የሆምስ ጓደኛና ታሪክ ነጋሪው ዶክተር ዋትሰን የጦር ሐኪም ሆኖ አፍጋኒስታን ዘምቶ፣ በ1880 ማይዋንድ በተባለው ውጊያ ቆስሏል። በመጀመሪያው መጽሐፍ ጥይቱ የመታው ትከሻውን ነው። በሁለተኛው መጽሐፍ የሚጠዘጥዘው እግሩ ነው።

ሌላ ደራሲ ላይ ቢሆን ይህ ስህተት ተብሎ ይታለፍ ነበር። የሆምስ አንባቢዎች ግን አላለፉትም። በ1911 ሮናልድ ኖክስ የሚባል የኦክስፎርድ ወጣት ምሁር፣ የሆምስን ታሪኮች ሊቃውንት ጥንታዊ መጻሕፍትን በሚመረምሩበት መንገድ እየመረመረ ጥናት አቀረበ። አድናቂዎቹ «ጨዋታው» የሚሉት ነገር ሥር የያዘው ከዚያ ወዲህ ነው። ሕጉ አጭር ነው። ሆምስና ዋትሰን በእውነት የኖሩ ሰዎች ናቸው። ታሪኮቹን የጻፈው ዋትሰን ነው። ዶይል ጽሑፉን ለአሳታሚ ያደረሰ ወኪል ነው፤ ሌላ ድርሻ የለውም። ስለዚህ «ደራሲው ረስቶ ነው» የሚባል መልስ አይሠራም። ቁስሉ ሁለት ቦታ ከሆነ ምክንያቱን ከራሱ ከጽሑፉ ማስረጃ ጠቅሶ ማስረዳት ነው። አንዱ «ሁለት ጥይት ነው የመታው» ይላል። ሌላው «ጎንበስ ብሎ ቁስለኛ እያከመ ስለነበር፣ አንዷ ጥይት በትከሻው አልፋ እግሩን አገኘችው» ይላል። የመርማሪ ልብወለድ ደራሲዋ ዶረቲ ሴየርስ፣ ይህ ጨዋታ እንደ ትልቅ የክሪኬት ግጥሚያ በፍጹም ቁም ነገር መካሄድ አለበት ብላለች። በዚህ እስማማለሁ። የሚጣፍጠው ማንም ሳይስቅ ሲጫወተው ነው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። ዶይል የሆምስን የልደት ቀን የትም አልጻፈም። አድናቂዎቹ ግን ጃንዋሪ 6 ነው ብለው ያከብራሉ። ከየት አመጡት? አንደኛው ረጅም ልብወለድ በጃንዋሪ 7 ጠዋት ይጀምራል፤ ሆምስ ቁርሱ ፊቱ ቀርቦ አልነካውም። «ማታ ልደቱን ሲያከብር አምሽቶ ነው» አሉ። ዓመቱስ? በ1914 በሚሆነው ታሪክ የስድሳ ዓመት ሰው ተብሎ ተገልጿል። ስለዚህ 1854። ማስረጃው ቀጭን ነው፤ ግን ከጽሑፉ የወጣ ነው። በየዓመቱ በዚያ ሰሞን ቤከር ስትሪት ኢሬጉላርስ የሚባለው ማኅበር ኒውዮርክ ውስጥ እራት ላይ ይገናኛል። ስሙን የወሰደው ሆምስ ወሬ እንዲያመጡለት ከሚልካቸው የጎዳና ልጆች ነው። የመሠረተው ደራሲው ክሪስቶፈር ሞርሊ በ1934 ነው። ሴቶችን በአባልነት መቀበል የጀመረው ግን በ1991 ነው። ጨዋታውን ካደመቁት አንዷ ሴየርስ ሆና ሳለ ያን ያህል መዘግየቱ ያሳዝናል።

ለአዲስ ታሪክ በር የከፈተው ግጭቱ ብቻ አይደለም። ክፍት ቦታም አለ። ዋትሰን በየታሪኩ መሐል ያልተረኩ ጉዳዮችን ጣል እያደረገ ያልፋል። ዣንጥላውን ሊያመጣ ወደ ቤቱ ተመልሶ ገብቶ ከዚያ ወዲያ ያልታየ ጄምስ ፊሊሞር የሚባል ሰው አለ። የሱማትራ ግዙፍ አይጥ አለ፤ ሆምስ ራሱ ዓለም ይህን ታሪክ ለመስማት ገና አልተዘጋጀም ብሎ ያልፈዋል። ዋትሰን ደግሞ ቻሪንግ ክሮስ አካባቢ ባለ ባንክ ውስጥ አንድ አሮጌ የቆርቆሮ ሳጥን እንዳስቀመጠ ይነግረናል። ሳጥኑ ያልታተሙ መዝገቦች የሞሉበት ነው። ዶይል ይህን ጽፎ አለፈ። ከዚያ ወዲህ የመጣ ጸሐፊ ሁሉ ሳጥኑን «ከፈትኩት» ይላል። የብዙ አዲስ ታሪኮች መግቢያ ይኸው ነው፤ የጠፋ የዋትሰን ጽሑፍ ተገኘ።

ለኛ አንባቢ በተለይ የሚጥም አንድ ክፍት ቦታ አለ። ሆምስ ከፏፏቴው ተርፎ እስኪመለስ፣ ከ1891 እስከ 1894 የት እንደቆየ ለዋትሰን በጥቂት ዓረፍተ ነገር ይነግረዋል። ቲቤት ገባሁ፣ በፋርስ አለፍኩ፣ መካን አየሁ፣ ካርቱም ላይ ኸሊፋውን ጎበኘሁ፣ የደረስኩበትንም ለውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አሳወቅሁ ይለዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ኸሊፋው ማለት የማህዲው ተተኪ አብዱላሂ ነው። በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ አፄ ዮሐንስ የወደቁት የእሱን ጦር ሲዋጉ ነው።

ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። በዚያን ጊዜ ኸሊፋው የሚኖረው ኦምዱርማን ነበር። ካርቱም በ1885 ከተያዘች ወዲህ ፈርሳለች። ታዲያ ሆምስ ለምን ካርቱም አለ? ዋትሰን ነው የተሳሳተው ወይስ ሆምስ የሚደብቀው ነገር አለ? ከመካስ ወደ ሱዳን በየት ተሻገረ? በሱዋኪን ከሆነ የእንግሊዝና የግብፅ ጦር ሰፍሯል። በምጽዋ ከሆነ ጣሊያን ገብቷል። ደጋው ላይ ክፉ ቀን ከብቱንም ሰዉንም ፈጅቷል። አፄ ምኒልክ በውጫሌ ውል ምክንያት ከጣሊያን ጋር እየተካረሩ ነው። ለእንግሊዝ መንግሥት ወሬ የሚያቀብል አንድ ረጅም ቀጭን ፈረንጅ በዚህ ሁሉ መሐል ቢያልፍ ምን ያያል? ማንስ ይጠረጥረዋል? በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ከስድሳዎቹ አንዲት መስመር ሳይነካ ሆምስን ምጽዋ ወደብ ላይ ሊያወርደው ይችላል። ያን ታሪክ የማንበብ ጉጉቴ ልክ የለውም።

ወደ ፈቃዱ ጉዳይ ልምጣ። ዶይል ራሱ ለጋስ ነበር። አሜሪካዊው ተዋናይ ዊልያም ጂሌት ሆምስን ለመድረክ ሲያዘጋጅ፣ ሆምስን ማጋባት ይችል እንደሆነ በቴሌግራም ጠየቀው። ዶይልም ቢያጋባውም ቢገድለውም ያሻውን ቢያደርገው ግድ እንደሌለው መለሰለት። ወራሾቹ ግን እንዲህ እጃቸው አልተፈታም። በ1944 ኤለሪ ኩዊን በሚለው የብዕር ስም የሚታወቁት ሁለት አሜሪካውያን፣ ሌሎች ደራሲዎች ስለ ሆምስ የጻፏቸውን ታሪኮች ሰብስበው አሳተሙ። የዶይል ቤተሰብ ተቃወመ፤ መጽሐፉ ከገበያ ወጣ። አሥር ዓመት ቆይቶ የዶይል ልጅ ኤድሪያን፣ ከደራሲው ጆን ዲክሰን ካር ጋር የራሱን አዲስ የሆምስ ታሪኮች ይዞ መጣ። የተነሱትም ዋትሰን ጣል ካደረጋቸው ያልተረኩ ጉዳዮች ነው።

የደራሲ መብት ዕድሜ አለው። እንግሊዝ ውስጥ ደራሲው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል። ዶይል በ1930 ስለሞተ እዚያ በ2000 መጨረሻ አበቃ። አሜሪካ ውስጥ ግን በዚያ ዘመን የታተመ ሥራ የሚቆጠርለት ከታተመበት ዓመት ነው። ስለዚህ ስድሳዎቹ ነጻ የወጡት አንድ ላይ ሳይሆን በየተራ ነው። በ2013 ሃምሳው ነጻ ሆነው የመጨረሻዎቹ አሥር ገና መብት ነበረባቸው። ጠቡ የመጣውም ከነዚህ አሥር ነው።

ሌስሊ ክሊንገር የሕግ ባለሙያ ነው፤ የሆምስ ሊቅም ነው። ከደራሲዋ ሎሪ ኪንግ ጋር ሆኖ የአዲስ ታሪኮች ስብስብ ሲያዘጋጅ፣ የዶይል ወራሾች ድርጅት የፈቃድ ክፍያ ጠየቀ። ለቀደመው ስብስባቸው አሳታሚው 5,000 ዶላር ከፍሎ ነበር። አሁን ክሊንገር እምቢ ብሎ ከሰሰ። ድርጅቱ የተከራከረው «የሆምስ ማንነት የተሟላው በመጨረሻዎቹ አሥር ታሪኮች ስለሆነ፣ እነሱ መብት እስካላቸው ድረስ ሰውየው በሙሉ የኛ ነው» ብሎ ነው። በ2014 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ሪቻርድ ፖዝነር ክርክሩን አልተቀበሉትም። ሃምሳው ታሪክ ነጻ ከወጣ በሃምሳው ውስጥ ያለው ሆምስም ነጻ ነው። በአሥሩ ውስጥ ብቻ የተጨመረ ነገር፣ ለምሳሌ ሆምስ ለውሻ ፍቅር ማሳየቱ፣ መብቱ እስኪያልቅ ይጠበቃል። ፍርዱ ይህን ነው ያለው። ድርጅቱ የክሊንገርን የጠበቃ ወጪ ከ30,000 ዶላር በላይ እንዲከፍልም ተወሰነበት።

ነገሩ በዚያ አልበረደም። በ2020 ድርጅቱ የሆምስን ታናሽ እህት ኢኖላን የፈጠረችውን ደራሲ ናንሲ ስፕሪንገርንና ፊልሙን ያወጣውን ኔትፍሊክስን ከሰሰ። የክሱ ፍሬ ነገር ይገርማል። የድሮው ሆምስ ቀዝቃዛ ነው፤ ለሰው ማዘን የጀመረው በመጨረሻዎቹ አሥር ታሪኮች ነው፤ ስለዚህ የሚያዝን ሆምስ የኛ ነው የሚል ነው። ጉዳዩ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተዘጋ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ የመጨረሻው ታሪክም ነጻ ወጣ። ዛሬ ሆምስን ለመጻፍ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም።

ፍርድ ቤቱ ሥራውን ጨረሰ። አንባቢው ግን አልጨረሰም። ሕግ የፈቀደውን አንባቢ ሊጥለው ይችላል። ታዲያ አንባቢው በምን ይመዝናል?

በ1940ዎቹ የሆነ አንድ ነገር አለ። ከዶይል ወረቀቶች መሐል አንድ ያልታተመ የሆምስ ታሪክ ተገኘ ተባለ። በ1948 ኮስሞፖሊታን መጽሔት በዶይል ስም አወጣው። የሚያደንቅ ነበር፤ «ይሄ እጅ የዶይል አይመስለኝም» ያለም ነበር። ብዙም ሳይቆይ አርተር ዊታከር የሚባል ጡረተኛ የሕንፃ ነዳፊ ተነስቶ «የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ። በ1911 አካባቢ ታሪኩን ለዶይል ልኮ አብረን እናሳትመው ብሎት ነበር። ዶይል አብሮ ማሳተሙን ባይቀበልም ሐሳቡን አሥር ፓውንድ ያህል ከፍሎ ወሰደው፤ ግን አልተጠቀመበትም። ዊታከር የታሪኩ ቅጂና የዶይል ደብዳቤ በእጁ ነበር። ልብ በሉ፣ አንድ አንባቢ የጻፈው ታሪክ የዶይል መስሎ ቤተሰቡንም አሳታሚውንም አልፏል። የጠረጠሩት ስድሳዎቹን በቃላቸው እስኪያውቁ ያነበቡት ናቸው።

ምኑን ነው የጠረጠሩት? እኔ ዋትሰንን ነው እላለሁ። ብዙ ሰው አዲስ ታሪክ ሲያነሳ ሆምስን ይፈልጋል፤ ብልህ ነው ወይ፣ ቫዮሊን ይመታል ወይ፣ ከጫማ ላይ ባለ ጭቃ የሰውየውን ሰፈር ያውቃል ወይ። ይህን ማንም ጎበዝ ጸሐፊ ይሠራዋል። ከባዱ ዋትሰን ነው። ዋትሰን ሆምስ ያየውን ሁሉ አይቶ ይነግረናል፤ ግን ትርጉሙ አይገባውም። ስለዚህ ፍንጩ ፊታችን ተቀምጦ እናልፈዋለን። መጨረሻ ላይ ተገልጦ ስናየው ግን «ተታለልን» አንልም፤ ሁሉም ተነግሮን ነበርና። ጸሐፊው ዋትሰንን ደደብ ካደረገው ይህ ይበላሻል። ከልክ በላይ ብልህ ካደረገውም ይበላሻል። ዶይል ራሱ ይህን ያውቅ ነበር። በ1926 በወጡ ሁለት ታሪኮች ሆምስ ራሱ ተራኪ ሆነ። አንደኛው ላይ እዚያው ታሪኩ መሐል ሆምስ «ዋትሰን ናፈቀኝ» ይላል። ሁለቱም ታሪኮች ከደካሞቹ ይመደባሉ።

ደግሞ ፍቅሩ አለ። ከመጨረሻዎቹ አሥር አንዱ ውስጥ ጋሪዴብ የሚል የአባት ስም ያላቸውን ሦስት ሰዎች ፍለጋ የሚመስል ተንኮል ይመረመራል። ወንጀለኛው ተኩሶ ዋትሰንን ጭኑ ላይ ይመታዋል። ሆምስ ሮጦ ይደርስለታል፤ ሱሪውን በሰንጢ ቀዶ ቁስሉን ያያል። ጭረት ብቻ ነው። ወደ ሰውየው ዞሮ «ዋትሰንን ገድለኸው ቢሆን ከዚህ ክፍል በሕይወት አትወጣም ነበር» ይለዋል። ዋትሰን ያን ጊዜ ያየውን ለማየት ብዙ ቁስል እንኳ ያንሳል ብሎ ይጽፋል። ይህ ጥቂት መስመር ነው። ግን ከሃምሳ በላይ ታሪክ ሙሉ ተይዞ የቆየ ነገር ስለሆነ አንጀት ይበላል። ብዙ አዲስ ጸሐፊ ይህን ስሜት በመጀመሪያው ምዕራፍ ያፈሰዋል። ያኔ አንባቢው መጽሐፉን ይዘጋል።

ሌሎቹ ጉድለቶች ቀላል ናቸው፤ ለጠንቃቃው አንባቢ ግን ወዲያው ይታያሉ። «ቀላል ነው፣ ውድ ዋትሰን» የምትለዋ ታዋቂ አባባል እንዳለች ስድሳዎቹ ውስጥ የትም የለችም። ባለሁለት ጆሮ ኮፍያውን ያለበሰው ሠዓሊው ሲድኒ ፓጀት ነው፤ ጎባጣ ፒፓውን ያስለመደን የጂሌት መድረክ ነው። ሆምስን ከዘመኑ ዝነኛ ሁሉ ጋር ማገናኘትም ያሰለቻል።

ይህ ሲባል ቀኖናውን የነካ ሁሉ ይወድቃል ማለት አይደለም። በ1974 ኒኮላስ ሜየር ያወጣው ልብወለድ ትልቁን ድፍረት ደፍሯል። በእሱ ታሪክ ሞሪያርቲ ወንጀለኛ ሳይሆን ምስኪን የሒሳብ መምህር ነው። ፏፏቴውም ዋትሰን የፈጠረው ነው። እውነቱ፣ ሆምስ ኮኬይን ስለያዘው ዋትሰን አታሎ ቪየና ወስዶ ለሐኪሙ ለሲግመንድ ፍሮይድ አስረከበው። የሆምስ ኮኬይን መውሰድ ቀኖናው ውስጥ አለ፤ ሜየር ያንን ይዞ ነው ወደፊት የሄደው። አንባቢ የተቀበለው ግን ዋትሰን እዚያ ውስጥ ስላለ ነው። ጓደኛውን ለማዳን የሚዋሽ ዋትሰን፣ ዋትሰን ነው።

መጀመር ለሚፈልግ ሰው የምመክረው ይህ ነው። አዲስ ከማንሳታችሁ በፊት ከስድሳዎቹ ሦስቱን አንብቡ። የቀይ ራሶቹን ማኅበር፣ የጠፋውን የውድድር ፈረስ ታሪክና ሦስቱን ጋሪዴቦች። መብት ስለሌለባቸው ኢንተርኔት ላይ በነጻ ታገኟቸዋላችሁ። ከዚያ የሜየርን አንብቡ፤ ቀጥሎ በ2011 አንተኒ ሆሮዊትዝ በወራሾቹ ፈቃድ የጻፈውን። እዚያ ውስጥ ያረጀው ዋትሰን አንድ በጣም የሚዘገንን ጉዳይ ጽፎ፣ ለመቶ ዓመት ሳይከፈት እንዲቆይ ባንኩ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ አንብባችሁ ብትገናኙ ይሻላል፤ ዋትሰን ላይ መስማማት አትችሉምና።